ዓይን ማንሳት

ሹራቡ አልቋል፤ የቀረው አንገቱ ነው።
ደረቱና ጀርባው ትከሻ ላይ ገጥመው፣
እጅጌው ተሰፍቶ፣
መሐሉ ግን ክፍት፤
እፊያው እንደ ጠፋ ገንቦ አፉን ከፍቶ
ሦስት ሳምንት ከረመ ሣጥን ላይ ተኝቶ።

እናቴ አልጋው ጫፍ፣ እኔ በርጩማ ላይ፣
የብልኮ ነፋስ ቆርቆሮውን ሲያላጋው፣
"ና እስኪ" አለችኝ፣ "የሰዓት ሠሪ ጣት ለዚህ መች ይከፋል?
ዓይኔን ሞራ ጋርዶት፣ ዓይኑን ማንሳት ከብዶኛል።"

እኔ እንኳ ፒያሳ፣ ከደረጃው ሥር፣ በአንዲት የመስታወት ሣጥን
የቆመ ሰዓት ነው የማስነሳ፤
ጠጉር የምታህል ሞላ በወረንጦ ይዤ
መተንፈስ የምረሳ።
ሹራብማ... "ሰው ምን ይለኛል?" አልኋት።
"ሰውማ ሲበርደው ብርድ ነው የሚለው" አለች፤
"ደግሞስ ሸማውን ጉድጓድ ገብቶ የሚሸምነው ማን ሆነና?"

ባለቤቱ አያ ደምለው ነው፣ የአዲአርቃዩ ሹፌር፣
ሌሊት አሥር ሰዓት ሞተር የሚያሞቅ።
"አንገቱን አደራ" ብሏታል፣ "ሊማሊሞ ላይ
ብርድ በር አይጠይቅ፣
በአንገት ነው የሚገባው።"
ሐሙስ ይመጣል። ቀብዱን ከፍሏል፤ ቀብዱም
ለዓይኗ ጠብታ ወጥቷል፤
ስለዚህ ሹራቡ ዕዳ ነው።

"ከትከሻው ስፌት ጀምር። ጠርዙን በጣትህ ዳብሰው።
ሁለት ክር አለ፤ ከሁለቱም ሥር መርፌህን ሰድደህ
አዲሱን ክር ጎትተህ አውጣው።
በአንዱ ብቻ ካነሳህ ቀዳዳ ይሆናል።
ቁልቁለቱ ላይ ግን ልብ በል፤
ከአራት ረድፍ ሦስቱን አንሳ፣ አራተኛውን እለፈው።"
"ለምን አልፈዋለሁ?"
"ሁሉን ካነሳህ ዳሩ እንደ ጎመን ቅጠል ይንቦረቀቃል፤
ካሳነስህ ደግሞ ሰውየውን ያንቀዋል።
መተውም እጅ ይፈልጋል።"

አነሳሁ። አንድ። አነሳሁ። ሁለት።
ክሩ በአንገቴ ዞሮ በጣቴ መሐል ሲያልፍ፣
ዐሥራ ሰባት ላይ ጠፋኝ፤ ፈታሁ፣ እንደገና።
ኋላ አጉሊ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ሰካሁና
ሰዓት ከፍቼ እንደማይ
ጠርዙን አየሁት።

የደረቱ ታች ዓይኑ እንደ ጤፍ እኩል ነው፤
ከብብቱ በላይ ግን ይላላል፣ ይጠብቃል፣
አንድ ቦታ ሁለት ዓይን በአንድ ታስሯል፣
አንድ ቦታ አንዱ አምልጦ ተንጠልጥሏል።
ይህን ክር የገዛሁላት እኔ ነኝ፣ ከቅዳሜ ገበያ፣
ነሐሴ መጀመሪያ፣ ዝናቡ ሳያባራ።
"ዓይኔ ደከመ" ያለችን ግን በኅዳር ነው።
ሦስት ወር በጣቷ ስትሠራ፣
ስኳር ስላት ጨው ስታቀብለኝ፣
"መብራቱ ነው የደከመው" ስትለኝ፣
እኔ አምፖል ነበር የምቀይር።

ያመለጠውን ዓይን በመርፌው ጫፍ ያዝሁት፤
ከጎኑ ያለውን፣
አራተኛው ይሁን አይሁን አልቆጠርሁም፣
አለፍሁት።

ዘጠና ስድስት ሲሞላ ወስዳ ዳበሰችው።
ጣቷ እየዞረ፣ ከንፈሯ እየቆጠረ፣
እዚያች ቦታ ሲደርስ ቆመ።
"እዚህ ጋ አንድ ዘለልህ።"
"ያልሽኝን ነው።"
"ያልሁህን አይደለም" አለች። ዝም አለች።
ከዚያ ጣቷ መንገዱን ቀጠለ።

ስድስት ረድፍ ሠርቼ ዘጋሁት። ልለካው
ራሴ ላይ አጠለቅሁት፤ አልወርድ አለ፣
ግንባሬ ላይ ተቀረቀረ።
በውስጡ ቆምሁ። ቡናማ ጭጋግ፤
የመስኮቱ ብርሃን በየዓይኑ ሲንጠባጠብ፣
አልጋው የአልጋ ጥላ፣ እናቴ የእናቴ ጥላ፣
ፊት የሌላት።

"አጥብቀህ ዘግተኸዋል" አለኝ ድምፅዋ፣
"አውልቀውና ፍታው፤
ያነሳኸውን አትንካ፣ መዝጊያውን ብቻ።"
"እሺ" አልሁ።
ግን ወዲያው አላወለቅሁትም።